አልጠራ ያለው ኮረንቲ

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ዛሬ በአምልኮው መሐል መብራት ሄዶ መጣ፤ ደግሞ ሄዶ መጣ። በመጨረሻ ሲመጣ ከሁለቱም ሞንታርቦዎች «እምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ይዞ መጣ። ጉባኤው መጀመሪያ ከመዘምራኑ የወጣ መስሎት «አሜን» ብሎለታል። እኔ ሚክሰሩ ኋላ ቆሜ ደሜ ፈላ። የዚህን አዳራሽ ድምፅ የያዝኩት ልጄ ፊልሞና ሳትወለድ ነው፤ ዛሬ እሷ መዘምራን መሐል ቆማ ትዘምራለች። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ቅሌት ደርሶብኝ አያውቅም።

ከፕሮግራሙ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጥተው አምፕሊፋየሩ ላይ እጅ ጫኑ። እውነቴን ነው። ፓስተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው «በኢየሱስ ስም ጸጥ በል!» አሉት። ጸጥ አላለም። እኔም አብሬ አሜን አልኩ፤ ካቻቢቴዬን ቤት ረስቼው ነበር፣ ምን ላድርግ።

ያሳሰበኝ ጳጉሜን 2 ነው። መዘምራኑ ዓመት ሙሉ የተለማመዱትን ዝማሬ በሕዝብ ፊት ይቀዳሉ። ፊልሞና አንዱን መዝሙር ብቻዋን ትዘምራለች። ቀረጻው የእኔ ነው። ይህ ድምፅ እያለ አይቀዳም።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

አምፑን ቤት አምጥቼ ከፈትኩት። ተሾመ «ምግብ ጠረጴዛው ላይ?» አለኝ። ባሌ ስንት ዘመን አብሮኝ ኖሮ ይህን መጠየቅ አልሰለቸውም። እራታችንን ሶፋ ላይ በላን።

ጥፋቱን ወዲያው አገኘሁት። ከአራቱ ዳዮዶች አንዱ ሞቷል። የእሑዱ የመብራት ሄድ መጣ ገድሎታል። ነገ በቴክኒክ ማሠልጠኛው ለሠልጣኞቼ የማስተምረውም ይኸው ነው፤ እግዜር ማስተማሪያ ሲሰጥ እንዲህ ቤት ድረስ ያመጣል።

ለማስታወሻዬ፦ ከግድግዳ የሚመጣው ኮረንቲ ተመላላሽ ነው። በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይመላለሳል። አምፕሊፋየር ግን የሚፈልገው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን ነው። እንግዲህ ትራንስፎርመሩ ኃይሉን ዝቅ ያደርግና ሬክቲፋየር ለሚባሉት አራቱ ዳዮዶች ያስረክባል። ዳዮድ በረኛ ነው፤ በአንድ በኩል ያስገባል፣ በሌላ በኩል ንቅንቅ አይልም። ኮረንቲው ሲሄድ ሁለቱ ያሳልፉታል፤ ሲመለስ ሌሎቹ ሁለቱ ይቀበሉና አዙረው በዚያው አቅጣጫ ይሰዱታል። የሚወጣው አንድ መንገድ ይይዛል፤ ግን ገና ከፍ ዝቅ ይላል። እሱን የሚደለድለው ትልቁ ካፓሲተር ነው። እንደ ግቢያችን ሮቶ ማለት ነው፤ ውኃው ሲመጣ ይሞላል፣ ሲቋረጥ ከያዘው ያወጣል፣ ቧንቧው መቋረጡን አያውቅም። አንድ በረኛ ሲሞት ግን የመመለሻው ግማሽ ይቀራል፤ ሮቶው ሳይሞላ ይጎድላል፤ ያ ጉድለት በሞንታርቦ ሲወጣ «እምም» ይላል።

አራቱንም በአዲስ ቀየርኳቸው። ሦስቱ ደህና ነበሩ፤ ቢሆንም ጓደኛቸው ሲሞት ያዩ ናቸው፣ አላምናቸውም።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ቀነሰ። አልጠፋም።

ገመቺስ የመዘምራኑ መሪ ነው፤ ኪቦርዱንም እሱ ነው የሚጫወተው። ከኪቦርዱ ላይ አውራ ጣቱን አሳየኝ። «ጸጥ አለ እኮ እህት ዘውዴ! ጌታ ይባርክሽ!» ሽማግሌዎቹም የጸሎታቸው መልስ ነው ብለው ደስ አላቸው። ሰው እንዴት በቶሎ ይረካል? ከስሩ አለ እኮ። ስብከቱ ጋ ሲደርስ፣ ፓስተሩ ትንፋሽ ሲወስዱ፣ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ካፓሲተሮቹን ቀየርኩ። ያው ነው። ደከመኝ። እንቅልፍ የለም፤ ትናንት ማታ ፍሪጁም እምም ሲል ነቅዬው ተኛሁ። ጠዋት ወተቱ ተበላሽቶ ፊልሞና ተቆጣችኝ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ከሥራ በቀጥታ አዳራሽ ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምንም መስማት አይቻልም፤ እስኪያባራ ቁጭ አልኩ። የካ ሚካኤል በኩል ያለው ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር የሚረብሸኝ ሰውም አልመጣ።

ሲያባራ አምፑን ከፍቼ አዳመጥኩ። ድምፁ ከግራው ሞንታርቦ ነው። ገባኝ፣ ሞንታርቦው ነው አልኩ። ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አዘዋወርኩ፤ ብቻዬን፣ ወገቤ እስኪቆረጥ። ከፈትኩ። አሁንም ከግራ ነው። እንግዲያው የአምፑ ግራ መስመር ነው አልኩና ገመዶቹን አቀያየርኩ። አሁንም ከግራ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ወንበሮቹ ሳዞር ደግሞ ድምፁ ዞሮ በዚያኛው ሞንታርቦ በኩል መጣ።

የአዳራሹ ቆርቆሮ ነው የሚያስተጋባው። ሲሠራም ነግሬያቸው ነበር።

ስመለስ ተሾመ ደውሎ ድምፁ አልሰማ ብሎኝ ተጨቃጨቅን። ይሄ ስልክ ግራ ጆሮ ላይ ሳደርገው ድምፁ ይታፈናል። ቀኝ ላይ ደህና ነው። እሱም መጠገን አለበት።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

መገናኛ ጋሽ ከማለዲን ሱቅ። ከባቡሩ ድልድይ ጀርባ ያለችው ጠባብ ሱቅ ዳዮድ ከሽንኩርት በላይ ይሸጥባታል። ከተማሪነቴ ጀምሮ ዕቃ የምገዛው ከሳቸው ነው። አምፑን በላዳ ጭኜ ሄድኩ። «ካፓሲተሩ ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ» አልኳቸው። ሰላምታ ሳልሰጥ።

አልተቀየሙም። «አላህ ይቅር ይበለን፣ እንየው» ብለው የኮረንቲውን መስመር የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ አበሩ። ዳዮዶቹ ሥር ሲነኩት መስመሩ ጉብ ጉብ እያለ በስክሪኑ አለፈ፤ ካፓሲተሩን አልፈው ሲነኩት መስመሩ ተኛ። ቀጥ ያለ፣ እንደ ቤት ወለል። «ይኸውልሽ፣ ከዚህ በላይ ቀጥ ያለ ዲሲ ኮረንቲ ከየት ይመጣል? ማሻአላህ፣ ሥራሽ ንፁህ ነው» አሉኝ።

«ግን ይሰማል እኮ ጋሼ!»

«አሁን? እዚህ?»

«አዎ፣ አሁን።»

ጋሽ ከማለዲን ቀና ብለው አዩኝ። ከሱቁ ውጭ የታክሲ ረዳቶች «ኮተቤ! ኮተቤ! ሃያ ሁለት!» እያሉ ይጮሃሉ፤ የጄኔሬተሩም ድምፅ አለ። ሳልጠይቃቸው አዲስ ካፓሲተር ጨምረው ሰጡኝ።

ያ ኦሲሎስኮፕ ደግሞ ያረጀ ነው።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

መጸዳጃ ቤት ሳለሁ ሁለት ዘማሪዎች እጃቸውን እየታጠቡ ሲያወሩ ሰማሁ። «ቤዙ ሰሞኑን ደረት ይመታል እኮ! እናቴ ራሷን አሟት ወጣች።» ሌላዋ፦ «ለእህት ዘውዴ ማን ይንገራት? ትቆጣለች።»

አልቆጣም! ቤዙን ከፍ ያደረግኩት ሳስቶ ነው። ሳስቷል። ከዳዮዱ ወዲህ የዚህ አምፕ ወፍራም ድምፅ የለም፣ ውኃ ውኃ ይላል።

ወጥቼ አየኋቸው፤ «ሰላም ነሽ እህት ዘውዴ» ብለው ሳሙኝ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

መዘምራኑ ለቀረጻው ጾም ይዘው እንጦጦ ወጡ፤ እኔም አብሬ። በየዓመቱ የምናደርገው ነው። ከራጉኤል በላይ ባለው ጫካ ገባ ብለን፣ ባሕር ዛፉ ሥር ላስቲክ አንጥፈን እንጸልያለን። ጭጋግ ነበር። ኮረንቲ የለም፣ ሞንታርቦ የለም፣ ሚክሰር የለም። እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር።

ዳገቱን ስንወጣ ግራ ጆሮዬ ጥጥ እንደገባበት ድፍን አለ። ከፍታው ነው፣ ሁሌም ያደርጋል። ገመቺስ «አሁን በዝምታ ጌታን እንስማ» አለ። ሁሉም ዝም አለ። ቅጠል ላይ ያደረው ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል። ከዛ ሥር፣ እምም።

«ይሄ ማማ ነው የሚጮኸው?» አልኳት ፊልሞናን በሹክሹክታ። ከዛፎቹ በላይ የአንቴና ማማ ይታያል፤ እሱም ሥር ሬክቲፋየርና ጄኔሬተር አለ፣ አውቃለሁ። ፊልሞና ጆሮዋን ቀስራ አዳመጠች። «የቱ?» አለችኝ።

ስነሳ ምድር ዞረብኝና ዛፍ ያዝኩ። ቁርስ አለመብላት ነው። ፊልሞና ክንዴን ይዛ እስከ ታክሲው ድረስ አልለቀቀችኝም። በመንገድ ላይ «እማዬ፣ ሰሞኑን ስጠራሽ አትሰሚኝም» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ትንሾካሾኪያለሽ» አልኳት። አኮረፈች። እኔም አኮረፍኩ። አዝኛለሁ፤ ግን በየቀኑ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው እንዲህ ቢሆን ምን ይገርማል?

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ገመቺስ ከሥራ ስወጣ መኪናውን አቁሞ ጠበቀኝ። ይህ ልጅ ክፉ ነገር መናገር አይችልበትም፤ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ከዛ ስለ መንገዱ፣ ከዛ ስለ እናቱ ጤና አወራኝ። በመጨረሻ፦ «ለቀረጻው ቀን... አንቺን የሚያግዝ ሌላ ሰው ብናመጣስ? ደክሞሻል ብዬ ነው።»

«የሚያግዝ ወይስ የሚተካ?»

የመኪናውን የዝናብ መጥረጊያ አበራ።

«አምፑን አጥርቼ አስረክብሃለሁ። አለቀ!» አልኩትና ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ዝናቡ ለጉድ ነበር። ቤት ስደርስ ጫማዬ ውስጥ ውኃ ይንቦጫረቃል። ተሾመ ሻይ አፈላልኝ፤ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። «ምንም» አልኩት። ያ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ሰው ሚክሰሩ ጋ ሲቆም ማየት አልችልም። እናቴ የሞተች ሳምንት እንኳ ቆሜበታለሁ። እኔ ሌላ የምችለው ነገር የለም። መዘመር አልችል፣ መስበክ አልችል።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ፈነዳ።

የጋሽ ከማለዲንን አዲሱን ካፓሲተር ገልብጬ በየድኩት። ፕላሱን ከማይነስ። የመጀመሪያ ወር ሠልጣኝ የማይሳሳተውን። አዳራሽ ውስጥ፣ መዘምራኑ ለልምምድ ተሰብስበው ሲያዩኝ ማብሪያውን ነካሁት። ለአፍታ ምንም የለም፤ ከዛ እንደ ርችት ጯ! ጭሱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ልጆቹ ጮኹ። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ዳዮዶቹም ትራንስፎርመሩም አብረው ሄዱ።

ሥራዬ ይሄ ነው። ካፓሲተር ላይ ያለውን ምልክት ሦስት ጊዜ እዩ እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ።

ፊልሞና ወለሉን ጠረገች። ማንም አልተናገረኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 21

ሥራ አልሄድኩም። ተኝቼ ዋልኩ። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ፍሪጁንም ደግሞ ነቅዬዋለሁ። አልጻፍኩም እንጂ ብዙ ነገር አሰብኩ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ጋሽ ከማለዲን ራሳቸው መጡ። ገመቺስ ሄዶ ነግሯቸው ነው። ሌላ ትራንስፎርመር፣ አራት ዳዮድ፣ ካፓሲተርና የመኪና ባትሪ በላዳ ጭነው አዳራሹ በር ላይ ወረዱ። ፓስተሩ ወንበር አቀረቡላቸው። አብረን ሠራን፤ እሳቸው ይይዛሉ፣ እኔ እበይዳለሁ። የካፓሲተሩን ምልክት አሳይተውኝ «የቱ ነው?» ይሉኛል፣ እንደ ልጅ። አልከፋኝም። የአሱር ሶላት ሲደርስ እቃ ክፍሏን ጠርገን ለቀቅንላቸው፤ ሰግደው ተመለሱ።

ልንጨርስ ስንል የሰፈሩ መብራት ሄደ። ወፍጮ ቤቱም ዝም አለ። «ይሻላል» አሉና ባትሪውን ወደ ትንሿ ሚክሰር አስጠጉ። እሷ በአሥራ ሁለት ቮልት ትሠራለች። «ባትሪ ውስጥ የሚመላለስ ነገር የለም፤ ሬክቲፋየር አይፈልግም። ከመጀመሪያውም ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። በዚህ እምም ካለ ከኮረንቲው አይደለም ማለት ነው፤ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም» አልኩ። ልክ ናቸው። ይህን ለሠልጣኞቼ ራሴ ነው የማስተምረው።

ማዳመጫውን አደረግኩ።

«ገመዱ ልል ነው» አልኳቸው።

የባትሪውን መቆንጠጫ ጠበቅ አደረጉት። «አሁንስ?»

«አሁንም።»

ማዳመጫውን ተቀብለው በአንድ ጆሯቸው፣ ከዛ በሌላኛው አዳመጡ። አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ጸጥ ያለ ነው» አሉ። በለሆሳስ ጨመሩ፦ «ይሄን የሚጠግን ዕቃ እኔ ሱቅ የለም፣ ልጄ።»

ተናደድኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ተናደድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸው ደክሞ ነው አልኩ በሆዴ። ዕቃቸውን አሸክሜ፣ አመስግኜ ሸኘኋቸው። ከዛ ተመልሼ ሚክሰሯን ከባትሪው ነቀልኳት፤ ማዳመጫውንም ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። አዳራሹ ውስጥ ኮረንቲ የሚነካ አንድም ነገር አልነበረም። ወንበሮቹ መሐል ቆሜ አዳመጥኩ።

ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ሐመልማል ጋ ደወልኩ። ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ አሁን በሌላ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ትሠራለች። ስልኩን በቀኝ ጆሮዬ ይዤ፣ እሑድ መጥታ ቀረጻውን እንድትይዝልኝ ለመንኳት። «ቲቸር፣ አንቺ እያለሽ?» አለች። «እኔ ጉባኤው መሐል መቀመጥ አምሮኛል» አልኳት። ገመቺስን በቴክስት ነገርኩት። ወዲያው ደወለ፤ አላነሳሁትም። አልቅሼ ነበር።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

አምስተኛው ረድፍ ላይ ከተሾመ ጎን ተቀመጥኩ። ከዚያ ቦታ አዳራሹ ሌላ ነው፤ የሰው ማጅራት ብቻ ነው የሚታየው። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ተሾመ ያዘልኝ።

ከመጀመሩ በፊት ሐመልማል ሮጣ መጣች። «ቲቸር፣ ማንም ሳይዘምር ባዶውን ቀድቼ አዳመጥኩት። ንፁህ ነው አይደል? ምንም እምምታ የለውም አይደል?» ፊቷን አየሁት። ልጅቷ የምታምነው የእኔን ጆሮ ነው። «ንፁህ ነው» አልኳት። ጋሽ ከማለዲን ንፁህ ነው ብለዋል፤ ገመቺስ ንፁህ ነው ብሏል፤ መስመሩም ተኝቶ አይቼዋለሁ።

ፊልሞና ወጣች። መጀመሪያ ላይ ከፍ ባለው ድምፅ ስትዘምር ሰማኋት፤ ጥርት ያለ ነው፣ በእናትነቴ አይደለም የምለው። ከዛ መዝሙሩ ወደ ታች ወረደ። ሰው ሁሉ ዝም አለ፣ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። የፊልሞና ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ቀኝ ጆሮዬን ወደ መድረኩ አዞርኩ። የሆነ ክር የሚያህል ነገር አገኘሁ፤ ከዛ በላዩ ላይ እምም መጣና ሸፈነው። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ» ብሎ ሲነሳ መዝሙሩ ማለቁን አወቅኩ፤ እኔም ተነሳሁ።

ውጭ ላይ ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ፣ መጨረሻውን ሰማሽው? በጣም ዝቅ አድርጌ ነው የዘመርኩት፤ ፈርቼ ነበር።»

«በደንብ ነው የሰማሁት» አልኳት።

ልጄ አየችኝ። እኔ ስዋሽ ታውቃለች፤ ከአባቷ ይልቅ እሷ ታውቃለች። «በደንብ?» አለች። አንገቴን በአሉታ ነቀነቅኩ። እንደገና አቀፈችኝና በቀኝ ጆሮዬ በኩል፣ ጠጋ ብላ፣ «ከበዓል በኋላ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለችኝ። እሺ አልኳት። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

መስከረም 12፣ ሰኞ

የጆሮ ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። ፊልሞናም ተሾመም መጡ፤ ሁለቱም ሥራና ትምህርት ትተው። ሐኪሙ ጆሮዬን አየ፣ ስለ ማዞሩ ጠየቀኝ፣ መቼ እንደጀመረኝ ጠየቀኝ። «ሐምሌ ላይ፣ አምፕሊፋየር ሲበላሽ» አልኩት። አልገባውም። ፊልሞና አስረዳችው።

ከዛ መርማሪዋ ወደ አንድ ትንሽ ክፍል አስገባችኝ። ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ የለበሰ ነው። ማዳመጫ አደረገችልኝና ቁልፍ ያላት ገመድ አስያዘችኝ። «ድምፅ ሲሰሙ ይጫኑ፣ እናቴ። በጣም ትንሽም ብትሆን ይጫኑ» አለችኝ። ወፍራሙን በር ዘግታ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ያስደመጥኩ ሴት፣ ዛሬ ተፈታኝ ነኝ። ፈርቻለሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ሰማሁት። በግራ በኩል፣ ወፍራም። ተጫንኩ። አልቆመም፤ ደግሞ ተጫንኩ። ጣቴን ሳላነሳ ያዝኩት።

መርማሪዋ ከመስታወቱ ወዲያ ቀና አለች። ከመሣሪያዋ ላይ ሁለቱንም እጆቿን አንስታ አሳየችኝ። ተነስታ በሩን ከፈተችው።

«እናቴ፣ ገና እኮ አልጀመርኩም።»

«አውቃለሁ» አልኳት።